የዲሲ ወንጀል፦ ፖሊስ በ35 በመቶ ቀነሰ ይላል፣ ኤፍቢአይ በ9 በመቶ። የትኛውን እንያዝ?

ኪራይ_ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። ለአነስተኛ ምግብ ቤት ሁለት ቦታዎች እያወዳደርን ነው፤ አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ 9ኛው መንገድና ዩ ስትሪት አካባቢ፣ ሌላው ከዲሲ ድንበር ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል። ኪራዩና የመኪና ማቆሚያው ተሰልቷል፤ የቀረው የወንጀሉ ነገር ነው። የምንፈልገው የሰሞኑን ወሬ አይደለም፣ የሰባት ስምንት ዓመቱን አካሄድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። የዲሲ ፖሊስ (ኤምፒዲ) በ2024 የኃይል ጥቃት ከ2023 በ35 በመቶ ወረደ ይላል። ኤፍቢአይ ለዚያው ከተማና ለዚያው ዓመት ያወጣው ቅናሽ 9 በመቶ ገደማ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ «በ30 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው» ተባለ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በከተማው የወንጀል አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ። ሦስት ጥያቄ አለኝ፦ የትኛው ቁጥር ነው ትክክል? የአንድ ብሎክን ታሪክ ከዓመት ዓመት እንዴት ማየት ይቻላል? ዲሲንና ሲልቨር ስፕሪንግን ጎን ለጎን ማስቀመጥስ ይሆናል?

መዝገብ_ቤት

ሁለቱም ቁጥሮች መነሻቸው አንድ የፖሊስ መዝገብ ነው። ልዩነቱ ምን ምን ተደምሮ «የኃይል ጥቃት» እንደተባለ ላይ ነው።

ኤምፒዲ ድረ ገጹ ላይ በየቀኑ የሚያድሰው ሰንጠረዥ የዲሲን ሕግ አከፋፈል ይከተላል። አራት ነገር ይደምራል፦ ነፍስ ግድያ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በአደገኛ መሣሪያ የተፈጸመ ጥቃት እና ውንብድና። ኤፍቢአይም የሚደምረው አራት ነው፤ ግን የእሱ «ከባድ ጥቃት» ሰፊ ነው። በባዶ እጅ ተደብድቦ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ኤፍቢአይ ዘንድ ይቆጠራል። በዲሲ ሕግ ይኸው ድብደባ የራሱ ስም ያለው ከባድ ወንጀል ነው፤ የዕለቱ ሰንጠረዥ ላይ ግን ዓምድ አልተሰጠውም። ስለዚህ ለኤፍቢአይ ይላካል፣ ሕዝቡ የሚያየው ገጽ ላይ የለም። በወሲባዊ ጥቃቱም በኩል የሁለቱ ትርጉም አይገጥምም።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ራሱን ይፈታል። በ2024 በኤምፒዲ ቆጠራ ውንብድና በ39 በመቶ፣ በመሣሪያ የሚፈጸም ጥቃት በ27 በመቶ፣ ግድያ በ32 በመቶ ወርደዋል። ከእነዚህ ውንብድናው በቁጥር ትልቁ ስለሆነ ድምሩን ወደ 35 ይጎትተዋል። ኤፍቢአይ በዚህ ላይ ብዙም ያልቀነሰ ትልቅ የድብደባ ክምር ይጨምርበታል፤ ቅናሹ በክምሩ ውስጥ ይሟሟል። ማንም መዋሸት ሳያስፈልገው 35 እና 9 አብረው ይኖራሉ። የሚያናድደው፣ ዜና አንባቢው ሁለቱንም በአንድ ስም «የኃይል ጥቃት» ብሎ ማንበቡ ነው።

«በ30 ዓመት ዝቅተኛው» የሚለው ደግሞ የድምሩ ነገር ነው እንጂ የግድያው አይደለም። የግድያውን መስመር ብቻ ተመልከቱ፦ በ1991 ወደ 480 ገደማ፤ በ2012 88፤ በ2013 104 (ከእነዚህ 12ቱ በአንድ ቀን በኔቪ ያርድ የተገደሉ ናቸው)፤ በ2017 116፤ በ2019 166፤ በ2020 198፤ በ2021 226፤ በ2022 203፤ በ2023 274፤ በ2024 187። እንግዲህ 187 ከ2023 አንጻር ትልቅ ቅናሽ ነው፤ ከ2012 አንጻር ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ሦስት ጋዜጠኛ ከዚህ አንድ ቁጥር ሦስት ርዕስ ያወጣል፦ ከ2023 ጋር «በ32 በመቶ ቀነሰ»፣ ከ2019 ጋር «በ13 በመቶ ገደማ ጨመረ»፣ ከ2012 ጋር «በ112 በመቶ አሻቀበ»። ሦስቱም እውነት ናቸው። ርዕስ ስታነብ መጀመሪያ የምትፈልገው መነሻ ዓመቱን ነው።

ረጅም ዓመት የምታወዳድር ከሆነ ሁለት የተሰበሩ ቦታዎችን አትርሳ። በ2013 ኤፍቢአይ የአስገድዶ መድፈርን ትርጉም አስፍቷል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው በአንድ መስመር አይሳልም። በ2021 ደግሞ የድሮውን የማጠቃለያ አመዘጋገብ ትቶ ኒብርስ በሚባለው አዲስ አመዘጋገብ ብቻ መቀበል ጀመረ። የድሮው በአንድ ድርጊት ውስጥ ከባዱን ወንጀል ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ሰው ተዘርፎ ከተገደለ ዝርፊያው ይጠፋል። ኒብርስ በአንድ ድርጊት እስከ 10 ወንጀል ይመዘግባል። በዚያ ዓመት ኒውዮርክንና ሎስ አንጀለስን የመሳሰሉ ከተሞች አልደረሱበትም፤ የ2021 አገር አቀፍ ቁጥር ጥሩ ድርሻው በግምት የተሞላው ለዚህ ነው። በ2022 ኤፍቢአይ የድሮውንም መልሶ መቀበል ጀመረ። ከ2021 ተነስቶ «ጨመረ፣ ቀነሰ» የሚል አገር አቀፍ ሰንጠረዥ ካየህ እለፈው።

ጥርጣሬ_አያልቅም

ይቅርታ፣ ግን በፖሊስ ቁጥር ላይ ይህን ያህል መመራመር ምን ይፈይዳል? በ2025 አንድ የዲስትሪክት አዛዥ ቁጥር ነካክተዋል በሚል ውንጀላ ከሥራ ገለል ተደርገው የለ? አዛዡ ቢያስተባብሉም የፖሊሶቹ ማኅበር ራሱ ነው ከላይ ትእዛዝ ይመጣል ያለው። ምንጩ ከደፈረሰ ታች ያለው ሰንጠረዥ ምን ያደርጋል?

መዝገብ_ቤት

ሁሉም ነገር እኩል አይነካካም፤ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። አስከሬን አይደበቅም፤ የሞተውን የሕክምና መርማሪው ቢሮም ለብቻው ይመዘግበዋል። የተሰረቀ መኪናም አይደበቅም፤ ኢንሹራንሱ ያለ ፖሊስ ሪፖርት አይከፍልምና ባለቤቱ ራሱ ቁጥሩን ተከታትሎ ይወስዳል። የሚንሸራተተው መሀል ላይ ያለው ነው፦ በመሣሪያ የተፈጸመው ጥቃት ወደ ተራ ድብደባ ወይም ወደዚያ ዓምድ ወደሌለው ከባድ ድብደባ፤ ውንብድናው ወደ ስርቆት፤ ሰብሮ መግባቱ ወደ ንብረት ማበላሸት። ይህ ዓይነቱ ምደባ በመጀመሪያ የሚወሰነው ቦታው ላይ በደረሰው ፖሊስና በአለቃው ብዕር ነው። ሁሌ ተንኮል ነው ማለት አይደለም፤ ብዙው የእውነት አጠራጣሪ ነው።

መፈተሻው ቀላል ማካፈል ነው። በ2012 ዲሲ ውስጥ 88 ግድያ ሲኖር በመሣሪያ የተፈጸመው ጥቃት ከ2,000 በላይ ነበር፤ በየ100 ጥቃት ከ5 ያነሰ ግድያ ማለት ነው። በ2024 ግድያው 187፣ ጥቃቱ 1,000 ገደማ፤ በየ100 ጥቃት 18። ይህን ያህል መቀየር ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛ፣ ተኩሱ ራሱ ገዳይ ሆኗል፦ ሽጉጥን እንደ መትረየስ የሚያስተፋው ትንሽ መለዋወጫና ብዙ ጥይት የሚይዝ ካዝና ተበራክተዋል። ሁለተኛ፣ ጥቃቶች ከዓምዱ ወጥተው ሌላ ስም ተሰጥቷቸዋል። በእኔ ግምት ሁለቱም አሉበት፤ እና የ35 በመቶውን ቅናሽ እንዳለ አልውጠውም። ግን ቅናሹ የለም ማለት አይደለም፤ ለመንካት የሚያስቸግሩት ግድያና የመኪና ስርቆት በዚያው ዓመት አብረው ወርደዋልና (መኪናው በ25 በመቶ)። ሁሉም መዝገብ ውሸት ቢሆን እነዚህ ባልተስማሙ ነበር።

ፒቮት_ወዳጅ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፣ ለንግድ ቤት የሚጠቅመው እሱ ነውና።

ክራይም ካርድስ የሚባለው የኤምፒዲ ገጽ አድራሻ አስገብተህ በዙሪያው ያለውን ያሳይሃል። ለፈጣን እይታ ጥሩ ነው፤ የዓመታቱን አካሄድ ራስህ ለማስላት ግን ጥሬው ፋይል ይሻላል። ኦፕን ዳታ ዲሲ በሚባለው የከተማው የመረጃ ገጽ ላይ «ክራይም ኢንሲደንትስ» ብለህ ብትፈልግ ከ2008 ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ ፋይል ታገኛለህ። የ2017ቱን አውርደህ እስከ ዘንድሮው አንድ በአንድ በሲኤስቪ ወደ ኤክሴል አስገባ፣ አንዱን ከሌላው ሥር ለጥፍ። የዓምዶቹ ቅደም ተከተል በየዓመቱ ሊለያይ ስለሚችል ከመለጠፍህ በፊት ርዕሳቸውን አስተያይ፤ አለበለዚያ ዋርድ (የከተማው የምርጫ ወረዳ) የነበረው ፒኤስኤ (የፖሊስ ቀጠና) ሆኖ ታገኘዋለህ።

አካባቢውን በፒኤስኤ ወይም በዋርድ አትቁረጠው። የፖሊስ ክልሎች ድንበር በ2019 መጀመሪያ ተቀይሯል፤ ዋርዶቹም ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ እንደገና ተሰምረዋል። ስሙ አንድ ሆኖ መሬቱ ሌላ ነው። የሚሻለው በላቲቲዩድና ሎንጂቲዩድ ሣጥን መሥራት ነው። የቤቱን ነጥብ ከካርታ ላይ ውሰድ፤ ዲሲ ላይ 300 ሜትር ማለት ወደ ሰሜንና ደቡብ 0.0027 ዲግሪ፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ 0.0035 ዲግሪ ገደማ ነው። ከነጥቡ ላይ ቀንስና ደምር፣ በፊልተር ቁረጥ። ከ300 ሜትር በታች አትውረድ፤ ፋይሉ ላይ ያለው ነጥብ የቤቱ በር ሳይሆን የብሎኩ መሀል ነው። ሣጥኑ ከጠበበ የጎረቤት ብሎክ አንዴ ይገባል አንዴ ይወጣል።

ከዚያ ፒቮት ቴብል (የኤክሴል ማጠቃለያ ሰንጠረዥ)፦ ወደ ታች ዓመት፣ ወደ ጎን የወንጀሉ ዓይነት። ጠቅላላ ድምሩን ሰርዘው። ዘጠኝ ዓይነት ነው ያለው፦ ግድያ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በመሣሪያ ጥቃት፣ ውንብድና፣ ሰብሮ መግባት፣ ከመኪና ውስጥ ስርቆት፣ ሌላ ስርቆት፣ የመኪና ስርቆት፣ ቃጠሎ። ከድምሩ ከግማሽ በላይ የሚይዙት ሁለቱ ስርቆቶች ናቸው፤ አካባቢው ላይ አንድ ትልቅ መድኃኒት ቤት ተከፍቶ የዕቃ ሌባ ሁሉ ሪፖርት ማድረግ ቢጀምር ጠቅላላው ይዘላል፣ ለአንተ ግን ምንም አልተቀየረም።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በፋይሉ ላይ ዓመቱ የሚወሰነው ሪፖርቱ በተደረገበት ቀን ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን በሌላ ዓምድ ነው። ዓርብ ማታ ሱቅ ዘግቶ የሄደ ሰው ሰኞ ጠዋት መሰበሩን ካየ መጀመሪያው ዓርብ፣ መጨረሻው ሰኞ፣ ሪፖርቱ ሰኞ ይሆናል። በየሰዓቱ ልትመድብ ከፈለግህ በሁለቱ መካከል ከስድስት ሰዓት በላይ ያለባቸውን ረድፎች አውጣቸው። ሰዓቱ ኋላ ላይ +00 የሚል ካየህ የዲሲ ሰዓት አይደለም፤ በአሜሪካ የብርድ ወራት 5፣ በሙቀቱ ወራት 4 ሰዓት ቀንስ፣ አለዚያ የምሽቱ ሁሉ ወደ ማግሥቱ ይዞራል። ግድያን በሺፍት (በፖሊስ ፈረቃ) አትመድብ፤ ፋይሉ ግድያን በሙሉ በዘልማድ እኩለ ሌሊት ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። በዚህ ተታልሎ «ዲሲ ውስጥ ሰው የሚሞተው ሌሊት ብቻ ነው» የሚል ሥዕል የሠራ ሰው ሞልቷል። የግድያ ዓመትም ቢሆን የሞቱ ምክንያት ግድያ ነው ተብሎ የተወሰነበት ነው፤ ከዓመታት በፊት በጥይት ተመቶ ዘንድሮ የሞተ ሰው በዘንድሮው ይገባል።

የመኪና ቅሚያ ለብቻው አይገኝም፤ ውንብድና ውስጥ ነው ያለው። በ2023 ከ950 በላይ የደረሰው ቅሚያና በዚያው ዓመት በ82 በመቶ የዘለለው የመኪና ስርቆት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ፊት መሣሪያ ይዞ ወይም በጉልበት ነው፤ ሁለተኛው የቆመ መኪና ነው፣ በዚያን ጊዜ ቁልፋቸው በቀላሉ የሚታለፍ የኪያና የሀዩንዳይ ሞዴሎች አንዱ ምክንያት ነበሩ። ለሾፌሮቻችን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዜናው ግን ሁለቱን እየቀላቀለ ነው የሚያወራው።

ዘንድሮን ከአምናው ስታነጻጽር በአንድ ቀን ላይ ቁረጥ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ተዋቸው፣ ሪፖርት እየገባና ምደባው እየተስተካከለ ስለሚቆይ።

ኪራይ_ፈላጊ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰብሮ መግባቱን በሱቅና በመኖሪያ ቤት መለየት ይቻላል?

ፒቮት_ወዳጅ

ከዚህ ፋይል አይቻልም። አንድ ዓምድ ነው፣ ሱቁም አፓርታማውም አብረው ናቸው። አድራሻው የብሎክ ስለሆነ ብሎኩ በሙሉ የንግድ ከሆነ መገመት ትችላለህ፤ 9ኛው ላይ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ስለሆነ ግን አያዋጣም።

ጆርጂያ_አቬኑ

ሲልቨር ስፕሪንግን በተመለከተ መጀመሪያ ካርታውን አስተካክሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባና ፖሊስ ያለው ከተማ አይደለም፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አካል ነው። ለሕዝብ ቆጠራ የተሰመረው ክልል በ2020 81,015 ሰው ነበረው። የፖስታ አድራሻው «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው ግን ከዚያ እጅግ ሰፊ ነው፤ ዋይት ኦክንም፣ ኮልስቪልንም፣ ወደ ግሌንሞንት ያለውንም ይጨምራል። ቴሌቪዥኑ «በሲልቨር ስፕሪንግ ተኩስ» ሲል ብዙ ጊዜ ከመሀል ከተማው በኪሎ ሜትሮች የራቀ ቦታ ነው። አጠገቡ ያለው ታኮማ ፓርክ ደግሞ የራሱ ፖሊስ አለው።

ካውንቲው ዳታ ሞንትጎመሪ በሚባለው የመረጃ ገጹ ላይ የሚያወጣው የወንጀል ፋይል ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ያለ ሲሆን በኒብርስ ኮድ ነው። ከዲሲው ጋር በቀጥታ አታስተያዩት። የዲሲው በአንድ ድርጊት አንድ ረድፍ ነው። የሞንትጎመሪው በአንድ ድርጊት ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ወንጀል ረድፍ ይሰጣል፤ ስለዚህ በድርጊቱ መለያ ቁጥር ድግግሞሹን ማስወገድ አለባችሁ። ከዚያም «በኅብረተሰብ ላይ የሚፈጸም ወንጀል»፣ «ሌላ» እና፣ አትሳቁ፣ «ወንጀል ያልሆነ» የሚሉ ክፍሎች አሉት። የዕፅ ይዞታ፣ የጠፋ ዕቃ፣ ማንም ያልጎዳው ነገር እዚያ ውስጥ ነው። ሳያወጡ የቆጠሩ ሰዎች «ሲልቨር ስፕሪንግ ከዲሲ ባሰ» የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ።

ጥቅሙ ግን ዲሲ የሌለው «ቦታ» የሚል ዓምድ አለው፦ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ መኖሪያ፣ ጎዳና፣ የመኪና ማቆሚያ እያለ ይለያል። ለምግብ ቤት ኪራይ የምትፈልጉት ይህ ነው። ለማስተያየት የሚሆኑት ሦስት ብቻ ይመስሉኛል፦ ውንብድና፣ ሰብሮ መግባት እና የመኪና ስርቆት። በእነዚህ የሁለቱ ትርጉም ይቀራረባል። ድብደባን ተዉት።

በነፍስ ወከፍ ማካፈሉም እዚህ አይሠራም። የከተማውን ከ100,000 ሰው ስናሰላ መልካም ነው፤ በ2020 198 ግድያ ለ689,545 ነዋሪ ሲካፈል 28.7 ይመጣል። ዩ ስትሪት ላይ ግን ቅዳሜ ማታ መንገዱን የሚሞላው ሕዝብ እዚያ አያድርም፤ አካፋዩ የነዋሪ ቁጥር ከሆነ መዝናኛ ሰፈር ሁሉ ሲኦል ይመስላል። የንግድ ቤቶችን ቁጥር ቆጥራችሁ ሰብሮ መግባቱን ለእሱ አካፍሉት። በእግር ዞሮ መቁጠር ይበቃል።

ሰንበሌጥ

በትንንሽ ቁጥር ስለመደናገጥ ማንም አላነሳም። 300 ሜትር ሣጥን ውስጥ አምና 16 ውንብድና፣ ዘንድሮ 22 ቢሆን «በ38 በመቶ ጨመረ» ይባላል። ሁለቱን ደምር፣ 38። ሥሩ (ስኩዌር ሩቱ) 6.16 ነው፤ በሁለት አባዛው፣ 12.3። ልዩነትህ 6 ብቻ ስለሆነ ከዕድል መዋዠቅ አይለይም። ይህችን ሒሳብ ለእያንዳንዱ ዓምድ ሥራ፤ ልዩነቱ ካልበለጠ «አልተቀየረም» ብለህ ጻፍ። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የሚወጡ «200 በመቶ» የሚሉ ርዕሶች አብዛኞቹ ከአንድ ወደ ሦስት የሄዱ ናቸው። ለብሎክ ደረጃ የአንድን ዓመት ከአንድ ዓመት ከማስተያየት የሦስት ዓመት አማካይ ከሦስት ዓመት አማካይ ይሻላል፦ 2017–2019 ከ2022–2024። የ2020ን ለብቻው ተወው፤ ከተማው ተዘግቶ ነበር፣ ለመነሻነት አይሆንም።

ሲቲዝን የሚባለውን አፕ ደግሞ ከቁጥር አታስገቡት። የሚያሳየው የ911 ጥሪ ነው። ርችት ሰምቶ ተኩስ ነው ብሎ የደወለም ይወጣል፤ ፖሊስ ሄዶ ምንም ካላገኘ ሪፖርት አይጻፍም፣ ፋይሉም ላይ አይገባም። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ቅጂ ብዙው ከዚያ ነው፣ አንዱን ድርጊት በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ እያዞሩት። ጋለፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት በየዓመቱ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ አብዛኛው አሜሪካዊ በአገሩ ወንጀል ጨመረ ይላል፣ በቀነሰባቸው ዓመታትም ጭምር፤ ስለራሱ ሰፈር ሲጠየቅ ግን እንዲህ የሚለው ቁጥር ያንሳል።

አምስተኛ_በር

ፖሊስ ጋ ያልደረሰውስ? አገር አቀፉ የተጠቂዎች ጥናት ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 240,000 ሰዎችን ይጠይቃል። ከኃይል ጥቃቱ ግማሽ ያህሉ፣ ከንብረት ወንጀሉ ደግሞ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው ለፖሊስ የሚደርሰው። መኪና ሲሰረቅ ግን አብዛኛው ሰው ያመለክታል፣ ከላይ በተባለው የኢንሹራንስ ምክንያት። ይህ ጥናት ለአንተ ሁለት ጉድለት አለው፦ ብሎክና ሰፈር አያሳይም፣ የሚጠይቀውም ቤተሰብን እንጂ ሱቅን አይደለም።

የእኛ ሰው በብዛት በሚነግድበት አካባቢ የማያመለክተው የበለጠ ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ በቋንቋ፣ በወረቀት ስጋት፣ «ምን ያመጣሉ» በማለት። መስኮት የተሰበረበት ባለሱቅ መስታወቱን አስቀይሮ ዝም ካለ በፋይሉ ላይ ያ ብሎክ ሰላም ነው። በዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ፖሊስን ጨምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። 911 ስትደውሉ «አማሪክ» ማለት ይበቃል፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ቀላል ስርቆት በኢንተርኔትም ይመዘገባል። ፖሊሱ ሲሄድ ሲሲኤን የሚሉትን የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉት። ይኸው ቁጥር በሕዝቡ ፋይል ላይ የራሱ ዓምድ ስላለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈልጋችሁ ምን ተብሎ እንደተመደበ ታያላችሁ። ሰብሮ መግባት የነበረው ንብረት ማበላሸት ሆኖ ከሆነ ከነጭራሹ አይገኝም፤ ያኔ ቁጥሩን ይዛችሁ ዲስትሪክቱን ጠይቁ።

ሸገር_ናፋቂ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ይህን ዘዴ ለአዲስ አበባ መጠቀም ይቻል ይሆን?

መዝገብ_ቤት

ሒሳቡ ያው ነው፣ ጥሬ ዕቃው ግን የለም። የአዲስ አበባ ፖሊስ የሚዘግበው በበጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፤ ከፈረንጅ ዓመት ጋር ልታስተያይ ከሞከርህ ግማሹ ወደዚያ ግማሹ ወደዚህ ይሆናል። በዜና የሚወጣው ብዙ ጊዜ «ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት በዚህ ያህል በመቶ ቀነሰ» የሚል ነው፤ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ካልተነገረ በመቶኛው ብቻውን አይረዳም። በነፍስ ወከፍ ለማስላት ደግሞ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አካፋይ ሁሉ ትንበያ ነው። ከተማዋ የሰፋችውን ያህል ቁጥሩ ካልሰፋ የወንጀል ምጣኔው ያለአግባብ ይተልቃል።

ኪራይ_ፈላጊ

የዲሲውን አወረድኩ፣ ሣጥኑም ተሠራ። የቀረኝ የሱቅ ሰብሮ መግባት ብቻ ነው። ከፖሊስ በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል?

አምስተኛ_በር

ይቻላል። በዲሲ የመረጃ ነፃነት ሕግ ኤምፒዲ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት፤ ሊያራዝም ይችላል፣ ግን በጽሑፍ ነው። በኦንላይን ነው የሚቀርበው። «የአካባቢውን የወንጀል መረጃ በሙሉ» ብለህ ከጻፍህ ወይ ይዘገያል ወይ ያለህን ፋይል መልሰው ይልኩልሃል። እንዲህ ጻፍ፦ ከጃንዋሪ 1 2017 እስከ ዲሴምበር 31 2024፣ በእነዚህ ብሎኮች (የብሎኮቹን ስም ልክ ፋይሉ ላይ እንደተጻፈው ገልብጥ)፣ ወንጀሉ ሰብሮ መግባት የሆነ፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ቦታው የንግድ ወይም የመኖሪያ መሆኑ ተለይቶ፣ በኤክሴል። የሰው ስም አትጠይቅ፤ ስም ካለበት ለመሸፈን ጊዜ ይወስዳሉ። ከሣጥንህ ያገኘሃቸውን የሲሲኤን ቁጥሮች ዝርዝር አባሪ ብታደርግ ደግሞ ፍለጋውን ራስህ ጨርሰህላቸዋል ማለት ነው፤ እነሱ የሚሞሉት አንድ ዓምድ ብቻ ይሆናል።